የሰው እርሻ፣ የእኛ ዎልፔፐር

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ካፌ ተቀምጠናል። አንዱ ወዳጄ ላፕቶፑን ሲከፍት ስክሪኑ ላይ ያለው ፎቶ ዓይኔን ያዘው። ተራራ ነው። ከግርጌው እስከ አናቱ በእርከን ተሠርቷል፤ እያንዳንዱ እርከን ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ውሃው ላይ ደመና ይታያል።

«የት ነው ይሄ?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«እንጃ፣ እስያ መሰለኝ። ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት። አያምርም?»

ያምራል። ባናዌ ነው፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ያለው የኢፉጋኦ ሕዝብ የሩዝ እርሻ። ወጣቶቹ እርሻውን እየተዉ ወደ ከተማ እንደሚሄዱ፣ የተተዉት እርከኖችም እንደሚፈርሱ ስነግራቸው ጨዋታው ጦፈ።

«ጅሎች!» አለ ባለ ላፕቶፑ። «እኔ ብሆን እንዲህ ካለ ቦታ ንቅንቅ አልልም። የአባቶቻቸውን ወግ እንዴት ይጥላሉ?» (ይህን ያለው ልጅ አምና ለአያቱ ተዝካር ገጠር ሄዶ በማግስቱ «ኔትወርክ የለም» ብሎ የተመለሰ ነው።)

«ባክህ ተወን!» አለች ሁለተኛዋ። «በዓመት አንዴ ለሚደርስ ሩዝ ዕድሜ ልክ ጭቃ ውስጥ መዘፈቅ ምኑ ነው ወግ? ኋላ ቀርነት ነው። ዘመናዊ ዘር ይዝሩ፣ ካልሆነላቸው ይተዉት። ሩዝ እንደሆነ ከሱፐርማርኬት ይገዛል።»

ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን፤ አልተግባባንም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሁለቱ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ የሚሉት አንድ ነገር ነው። አንዱ የኢፉጋኦው ገበሬ ሐውልት ሆኖ እንዲቆምለት ይፈልጋል፤ ሌላዋ ፍርስራሽ ነው ብላ ታልፈዋለች። «ለመሆኑ ይሄ ሥራ ስንት ያስከፍልሃል? ስንትስ ይከፈልሃል?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም። የዛሬው ጠቤም ከዚሁ ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወግ የሚባለው ምኑ ነው?

ኢፉጋኦ በሰሜን ሉዞን፣ በኮርዲዬራ ተራሮች ውስጥ ያለ ግዛት ስም ነው፤ የሕዝቡም ስም ነው። ስፔን ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ስትገዛ እነዚህን ተራሮች አጥብቃ መያዝ አልቻለችም። ሰዎቹ እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ በሚደርስ ገደል ላይ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ እያቆሙ፣ ከጫካው ውሃ በቦይ እየሳቡ ሩዝ ይተክላሉ።

ፎቶው የሚያሳየን ግድግዳውን ነው። ግድግዳውን ያቆመው ግን ፎቶ ውስጥ የማይገባው ነገር ነው።

የአገሩ ሩዝ ቲናዎን ይባላል፤ «የዓመት» እንደ ማለት ነው፣ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመረት። ችግኙ መጀመሪያ በመደብ ይፈላል፤ በታኅሣሥና በጥር ገደማ እየተነቀለ ውሃ ወደተኛበት ማሳ ይዛወራል፤ አጨዳው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ይደርሳል። እንደ ልቡ የሚተክል የለም። በየእርሻው ክልል ፑንቶናአን የሚባል አንድ ማሳ አለ። የዚያ ማሳ ባለቤት ቶሞና ይባላል፤ መጀመሪያ የሚተከለውም መጀመሪያ የሚታጨደውም የእሱ ማሳ ነው። እሱ ሳይጀምር ሌላው እጁን አያነሣም። ሙምባኪ የሚባሉት የባሕሉ ካህናት የአያት ቅድመ አያቶችን ስም ይጠራሉ፣ ዶሮና አሳማ ይታረዳል፣ የሩዝ ጠጅ ይቀዳል። ሥራ የሚከለከልበት ቀንም አለ። እኛ ዘንድ በበዓል ቀን በሬ የሚጠምድ ሰው መንደሩ ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ አይደል? እዚያም እንደዚያው ነው።

«አጉል እምነት!» ለማለት ለምትቸኩሉ አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሃው የሚወርደው ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ነው። አንዱ በታኅሣሥ፣ ሌላው በመጋቢት ቢተክል፣ አንዱ ውሃ ሲፈልግ ሌላው ማሳውን ማድረቅ ይፈልጋል። አይጡና ተባዩም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ ዓመቱን ሙሉ ይቀለባል። ሁሉም ተከታትሎ ሲተክል ግን ውሃው ይደራረሳል፣ ጉልበቱ ይገጥማል፣ አይጡም ድግሱ በአንድ ወቅት ያበቃበታል። ይህንኑ ሥራ እንሥራ ብንል እኛ ቢሮ እንከፍታለን፣ ማኅተም እናስቀርጻለን፣ ለአስተባባሪው መኪና እንጠይቃለን። እነሱ በአንድ ሰው ማሳና በጥቂት ዶሮ ጨርሰውታል።

(እንዲህ ስል እምነታቸው የተሸፈነ የመስኖ መመሪያ ነው ማለቴ አይደለም። ሰዎቹ ያመኑትን አምነው ነው። እምነት ለመከበር የግድ ጥቅሙ ተሰልቶ መቅረብ የለበትም። ነገር ግን «ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው።)

ከእርከኖቹ በላይ ደግሞ ሙዮንግ የሚባል ደን አለ። ቤተሰብ እየወረሰ የሚንከባከበው ደን ነው። ማገዶውም የቤት ማገሩም ከዚያ ይወጣል፤ የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀውም እሱ ነው። ውሃውም ሕግ አለው። ሮይ ባርተን የተባለ አሜሪካዊ በ1919 ስለ ኢፉጋኦ ሕግ ባሳተመው መጽሐፍ እንደመዘገበው፣ ወደ አንድ እርሻ ሲወርድ የኖረን ውሃ ጠልፎ ወደ ሌላ እርሻ መውሰድ አይፈቀድም፤ ያኛው እርሻ ለምንጩ ቢቀርብ እንኳ። ንጉሥ የለም፣ ፖሊስ የለም፣ የተጻፈ ሕግ የለም። ውሃው ግን ባለቤት አለው።

ጉልበቱስ? ኡብቡ ይሉታል፤ እኛ ወንፈል የምንለው ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ እንሠራለን፣ ነገ የእኔን። በተለመደው የሥራ ክፍፍል ወንዶቹ ግድግዳ ይጠግናሉ፣ ሴቶቹ ይተክላሉ። የዘር ምርጫው ግን የባልቴቶቹ ነው። አጨዳው ሳይጀመር ማሳው ውስጥ ገብተው ለዘር የሚሆነውን ዘለላ በዓይናቸው ይለያሉ፤ የትኛው ብርድ እንደሚችል፣ የትኛው ለጠጅ እንደሚሆን ያውቃሉ። አጨዳው በማጭድ ጠርጎ መጣል አይደለም፤ በትንሽ ቢላ ዘለላ በዘለላ ይቆረጣል፣ ይታሰራል፣ ጎተራ ይገባል። ጎተራው ውስጥ ቡሉል የሚባል ከእንጨት የተቀረጸ ጠባቂ ተቀምጧል። በአጨዳው ጊዜ ሴቶች ሁድሁድ ያዜማሉ፤ አንዲት አሮጊት ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከ200 በላይ ዜማዎች አሉት፣ አንዱን ከዳር እስከ ዳር ለማዝለቅ ቀናት ይፈጃል። በሁንግዱዋን ደግሞ አጨዳው ሲያልቅ መንደሮች ወንዝ ውስጥ ገብተው ይጓተታሉ፤ ፑንኑክ ይባላል። የሚጓተቱበትን ከሩዝ ገለባ የተሠራ ምስል በመጨረሻ ውሃው ይዞት እንዲሄድ ይለቁታል።

እንግዲህ ወጉ ይህ ነው። ጌጥ አይደለም፤ ግድግዳውን የሚያቆመው ምሰሶ ነው። ቶሞናውን፣ ኡብቡውን፣ ሙዮንጉን፣ የባልቴቶቹን ዓይን አውጣና ግድግዳው ብቻውን ስንት ክረምት እንደሚቆም ተመልከት።

«2,000 ዓመት ሳይነካ የኖረ»

ስለ ባናዌ የምታነቡት ማንኛውም የቱሪስት ወረቀት «2,000 ዓመት» ብሎ ይጀምራል። ግምቱን ያስጀመሩት ባርተንና ሄንሪ ኦትሊ ቤየር የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ናቸው፤ መነሻቸውም «ይህን ያህል ተራራ ለመገንባት ይህን ያህል ዘመን ይወስዳል» የሚል ስሌት እንጂ ቁፋሮ አልነበረም። በኋላ ፊሊፒናዊው አርኪዮሎጂስት ስቲቨን አካባዶ ቆፈረ። በ2009 ካሳተመው ጥናቱ ጀምሮ የሚለው ሌላ ነው፦ የውሃ ሩዙ በእነዚያ ተራሮች የተስፋፋው ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ሰሜን ሉዞን ከገቡ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰዎቹ ሌላ የሥራ ሥር ሰብል፣ ታሮን፣ ይተክሉ ነበር። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም ማስረጃው ወደዚህ ያጋድላል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዕድሜያቸውን ቀነሰባቸው» ብሎ ያዝናል። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ለምን ብትሉ፣ የመጀመሪያው ታሪክ ኢፉጋኦዎችን በሁለት ሺህ ዓመት አንድ ሐሳብ ያላሰቡ፣ እንደ ድንጋዩ የቆሙ ሰዎች ያደርጋቸዋል። ሁለተኛው ግን ወራሪ ሲመጣ ተራራ ላይ የወጡ፣ ተደራጅተው አዲስ እርሻ የፈለሰፉ፣ ሳይገዙ የኖሩ ሰዎች ያደርጋቸዋል። ግድግዳው የእንቢታ ግድግዳ ነው ማለት ነው። ወግ ማለትም ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች መክረው የቆረጡት ውሳኔ ነው ማለት ነው።

ውሳኔ ከሆነ ደግሞ መለወጥም የእነሱ መብት ነው። ባለ ላፕቶፑ ወዳጄ የማይዋጥለት ይህ ነው።

ገነትም አልነበረም

ሌላው የማይነገረን ነገር አለ። በዚያ ኅብረተሰብ ሰው ሁሉ እኩል አልነበረም። ካዳንግያን የሚባሉት ባለጸጎች ዓመቱን ሙሉ ሩዝ ይበሉ ነበር፤ ደግሰው፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ሐጋቢ የሚባል ትልቅ መደብ አስቀርጸው ቤታቸው ደጃፍ ያስቀምጣሉ፤ እዚህ ቤት ሀብታም አለ ማለት ነው። ድሃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ድንች ይበላ ነበር። ማሳው የሚወረሰው በበኩር ልጅ ነው፤ ወንድ ቢሆን ሴት። (በዚህስ ከብዙ አገር ይሻላሉ።) ሦስተኛና አራተኛ ሆኖ የተወለደው ምን ይሁን? እርከን እንደ ኮንዶሚኒየም ፎቅ አይጨመርበትም።

እናም «ወጣቱ ወጉን ጣለ» ስንል ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለዚህ ልጅ ነው። ማሳ ያልደረሰው ልጅ፣ ማሳ ባለው ወንድሙ ግድግዳ ላይ ዕድሜውን ይጨርስ ማለታችን ነው። እሱም ባጊዮ ከተማ ገብቶ ሥራ ይፈልጋል፤ እህቱ ደግሞ ከዚያም ርቃ ትሄዳለች። ዱባይና ቤይሩት የሠራች እህት ያለችው ሰው ይህን ታሪክ ከእኔ መስማት አያስፈልገውም። ከእህቱ ጋር በአንድ ሕንፃ የሰው ልጅ ስታሳድግ የነበረችው ፊሊፒናዊት ከየትኛው መንደር እንደመጣች ጠይቋት ይሆን?

«ዘመናዊ ዘር ይዝሩ»

ወደ ሁለተኛዋ ጓደኛዬ ልመለስ። ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም በ1960 የተቋቋመው በዚያችው በፊሊፒንስ፣ ሎስ ባኞስ ላይ ነው። በ1966 አይ አር 8 የተባለውን ዘር አወጣ። አጭር፣ ቶሎ የሚደርስ፣ ማዳበሪያ ሲሰጡት የሚያፈራ። ይህ ዘርና ተከታዮቹ ብዙ የእስያ ሕዝብ አብልተዋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ነገር ግን የተዘጋጁት ለሜዳ ነው። ሙቀት፣ ማዳበሪያና የመስኖ ቦይ ላለው ቆላ። ሜዳው በዓመት ሁለቴና ከዚያም በላይ ያመርታል፤ ተራራው አንዴ። ገበያው ላይ ግን ሁለቱም ስማቸው ሩዝ ነው። ስለዚህ የሩዝ ዋጋ የሚወሰነው በሜዳው ወጪ ነው፤ በትራክተር ከታረሰው፣ ከዚያም አልፎ በመርከብ ከሚገባው። ፊሊፒንስ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከዓለም ትልልቅ ሩዝ ገዢዎች አንዷ ናት፤ በ2019 ባወጣችው ሕግም የመጠን ገደቡን አንሥታ፣ ታሪፍ የከፈለ ነጋዴ የፈለገውን ያህል ሩዝ እንዲያስገባ ፈቅዳለች። ለከተማው ድሃ ዳቦ ነው፣ እቃወማለሁ አልልም። ለተራራው ገበሬ ግን ትርጉሙ አንድ ነው፦ ግድግዳ የጠገነበትን ቀን ማንም አይከፍለውም። ኪሎው ውስጥ የለማ!

ዘመናዊነትም ሒሳብ አለው። በ1980ዎቹ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ቀንድ አውጣ «ለምግብ ይሆናል፣ ገቢ ያመጣል» ተብሎ ወደ ፊሊፒንስ እንዲገባ ተደረገ። የሚበላው ሰው አጣ፤ እሱ ግን የሚበላው አላጣም፤ ለጋ የሩዝ ችግኝ። ከእርባታው ወጥቶ በአገሩ ተሠራጨ፣ ተራራውም ላይ ወጣ። ዛሬ የኢፉጋኦ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ውስጥ የሚለቅመው የሌላ ሰው የፕሮጀክት ሐሳብ ነው። ፕሮጀክቱን ያመጣው ባለሙያ ጡረታ ወጥቷል፤ ቀንድ አውጣው አልወጣም።

ስለዚህ «ይዘምኑ» የምትለዋን ጓደኛዬን የምጠይቃት ይህን ነው፦ በማን ሒሳብ?

ቅርስ ሆነ፣ ከዚያስ?

በ1995 ዩኔስኮ አምስት የእርከን ስፍራዎችን የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበ፦ ባታድ፣ ባንጋአን፣ ማዮያኦ፣ ሁንግዱዋንና ናጋካዳን። (ፎቶ የሚነሣው የባናዌው ዋናው መመልከቻ ከአምስቱ ውስጥ የለም። የወዳጄ ዎልፔፐር የዓለም ቅርስ አይደለም ማለት ነው፤ አልነገርኩትም።) ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገቡ። በወቅቱ በግምት ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው እርከን ተትቷል ተብሎ ነበር። ብዙ ከተሠራ በኋላ በ2012 ከአደጋው ዝርዝር ወጡ። በዚያው በ2001 ሁድሁድም የሰው ልጅ የቃል ቅርስ ተብሎ ታወጀ፤ በ2015 ደግሞ ፑንኑክ ከሌሎች የእስያ አገሮች የጉተታ ጨዋታዎች ጋር ተመዘገበ።

የምስክር ወረቀቱ በዛ። ጥረቱን አላጣጥልም፤ ግድግዳ ተጠግኗል፣ ልጆች ሁድሁድ ተምረዋል። ነገር ግን ቱሪስቱ ሲመጣ ምን ይከፍላል? ለአልጋ፣ ለመኪና፣ ለአስጎብኚ፣ ለቢራ። ለሚያየው ነገር፣ ለግድግዳው፣ ከትንሽ የመግቢያ ክፍያ በቀር ሒሳብ የሚያመጣለት የለም። እርከኑ የሌለው ሰው እርከኑ ፊት ለፊት ሆቴል ሠርቶ ይበላል፤ ባለ እርከኑ ደግሞ ጎርበስ ብሎ ውበት ያመርትለታል። የጎተራው ቡሉል ሳይቀር ተሸጦ አውሮፓና አሜሪካ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፤ ሩዝ የሌለበት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጠብቅ እሱ ያውቃል።

መንግሥትም እርከኑን አክብሮት በ2010 ባወጣው የገንዘብ ኖት ጀርባ ላይ አትሞታል። በየትኛው ኖት ላይ መሰላችሁ? በ20 ፔሶው። ከወረቀቶቹ ሁሉ በትንሹ።

ለምን ዝም ብሎ አይተወውም?

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ስላለብኝ የራሴን ክርክር የሚያስቸግረውን ነገርም ልናገር። «የመሄድ መብት አላቸው» ብሎ መጨረስ ቀላል ነበር። እርከን ግን እንደ ሌላ እርሻ አይደለም። ማሳው ውሃ ካልያዘ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ በሚቀጥለው ከባድ ዝናብ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋዋል። ሲናድ ደግሞ ባለቤቱ ላይ አይደለም የሚናደው፣ ታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ቦዩን የሚጠርጉት ሰዎች ሃያ ከነበሩና አምስቱ ከሄዱ፣ የቀሩት አሥራ አምስቱ የሃያ ሰው ቦይ ይጠርጋሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ይሄዳሉ። ኡብቡ እንዲህ ነው የሚሞተው፤ ማንም ሳይገድለው።

ስለዚህ የሚሄደው ልጅ መብት አለው፣ የሚቀረው ጎረቤቱም ተጎድቷል። ሁለቱም እውነት ነው። ይህን ቋጠሮ ስድብ አይፈታውም፣ ግጥምም አይፈታውም። የሚፈታው፣ ቢያንስ የሚያላላው፣ ገንዘብ ነው። አዎ፣ ገንዘብ! ስለ ባሕል ስናወራ ገንዘብ መጥራት ነውር የሚመስለን እኛ ደመወዝተኞቹ ነን።

መንገዱ ጨርሶ አልጠፋም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኮርዲዬራ ገበሬዎች የአገራቸውን ዘር በስሙ ለይተው፣ ከተራው ሩዝ በተሻለ ዋጋ እስከ አሜሪካ ሸጠዋል። በ2014 የፊሊፒንስ ግብርና ሚኒስቴርና ያው የሩዝ ተቋም የአገሬውን ዘር የሚደግፍ ፕሮጀክት ጀምረው ነበር። እንከን አለው። ዋጋው ሲጥም ገበሬው ለድግሱ ያስቀመጠውን ሩዝ ሸጦ ራሱ ከሜዳ የመጣ ርካሽ ሩዝ ገዝቶ ሊበላ ይችላል። ነገር ግን አንድ ነገር አሳይቷል፦ ሩዙ ዋጋ ሲያገኝ፣ «ወግ ጠላ» የተባለው ልጅ ወደ ማሳው ለመመለስ ምክንያት ያገኛል።

ወደ እኛ ስንመጣ

«ፊሊፒንስ ምን አገባን?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እንግዲህ የኮንሶ እርከን በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2011 ነው። ውሃ የተኛበት ሩዝ ሳይሆን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የተያዘ የማሽላ ማሳ ነው፤ ከ21 ትውልድ የተረከቡት፣ ከ400 ዓመት በላይ የቆየ። እዚህም ፎቶው የሚያሳየው ድንጋዩን ነው። ድንጋዩን በየዓመቱ መልሶ የሚደረድረውን ሰው የቀን ዋጋ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ሩዝስ ቢሆን ሩቅ ነው እንዴ? በደርግ ዘመን ፎገራ ሜዳ ላይ የገባው ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራችን ውስጥ አለ። እኛ የምናውቀው «እንጀራው ዛሬ ነጣ» ብቻ ነው።

እኔም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለሁም። አያቴ ገብስ አራሽ ነበሩ። አባቴ ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ የመከረኝ አንድ ምክር ነው፦ «ተማር፣ እንደኔ አባት አፈር ገፊ እንዳትሆን።» ተማርኩ። ዛሬ ስለ አፈር እጽፋለሁ፤ ሞፈርና ቀንበር ግን የቱ ጋ እንደሚገናኙ በደንብ አላውቅም። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ለመስደብ «ገጠሬ» ማለት ይበቃል። በዓመት አንዴ ደግሞ የባሕል ቀን ሲሆን ጥበብ ለብሰን፣ ሌማት ይዘን፣ አርቲፊሻል ጎተራ አጠገብ ፎቶ እንነሣለን። በስብሰባ ላይ «የደቦ ባሕላችን ይለምልም» የሚል ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቦይ ሲጠረግ መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል።

ታዲያ በምን አፋችን ነው የኢፉጋኦን ልጅ «ወግህን ጣልክ» የምንለው? እሱ ያደረገው እኛ ያደረግነውን ነው። የእኛ አባቶች «ሂድ» ብለው መርቀው ሸኙን፤ እሱን ግን ፎቶው እንዳይበላሽብን «ቁም» እንለዋለን።

የምለው ይህን ብቻ ነው። ግድግዳውን የፈለገ ሰው የግድግዳ ሠሪውን ቀን ይክፈል። መንግሥት የፈለገ እንደሆነ ከግምጃ ቤቱ ይክፈል፣ ቱሪስት የፈለገ እንደሆነ ከኪሱ፣ ሩዝ በላተኛው የፈለገ እንደሆነ በኪሎው ዋጋ። ምን እንደሚለወጥና ምን እንደሚቀር ደግሞ ቶሞናውና ባልቴቶቹ፣ ማሳ ያልደረሰው ታናሽ ወንድምም ጭምር ተቀምጠው ይምከሩበት። አያቶቻቸው መክረው የሠሩትን እነሱ መክረው ቢያሻሽሉት ወግ ማፍረስ አይባልም፤ ወጉ ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው። መክፈል የማይፈልግ ሰው ደግሞ፣ ምርጫው ነው፣ መቆጣቱን ግን ይተው። በነፃ የሚሠራ ሰው ማየት ያማረው ሌላ ስም ያለው ነገር ነው እንጂ ቅርስ ወዳድ አይደለም።

ትናንት ያንን ወዳጄን አገኘሁት። ዎልፔፐሩን አልቀየረውም፤ ቀይር አላልኩትም። «የት እንደሆነ አወቅክ?» አልኩት። «ኢፉጋኦ፣ ፊሊፒንስ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ግን ያ ከታች በኩል፣ ደረቅ የሚመስለው እርከን... የተተወ ነው እንዴ?» አለኝ። ስንት ጊዜ እንዳየው እንጃ፤ ያን ማሳ ግን ገና ትናንት አየው።

ቸር እንሰንብት።